ከማገሩ ወዲህና ወዲያ

ደቦው የተጠራው ለማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ሲደርስ ከደቦው ሰው በቀር ሁሉም ነገር መጣ። የጥቅምት ፀሐይ በጊዜ ወጣች። ጠላው ደርሷል፤ ንፍሮው ከእሳት ወርዷል። ከጓሮ የተረገጠው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሲብላላ ሰንብቶ፣ ጠረኑ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ይጣራል። ቀኑም በዋዛ የተመረጠ አልነበረም፤ ሰንበቱ፣ ሚካኤሉ፣ ኪዳነ ምሕረቷ፣ አቦው ሁሉ እየተዘለሉ በመከራ የተገኘ ባዶ ቀን ነው። ሰው ግን የለም።

ዘመናይ የሐዘን ጥቁር ልብሷን በአሮጌ ሽርጥ ሸፍና በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ማርቆስ ከተማ ገበያው ዳር ካለው የልብስ ስፌት ሱቅ ለዛሬ ብላ ፈቃድ ለምናለች። ቁጣዋ የሚወርድበት ሰው ይጠብቃል።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታቸው ሥራነሽ ነበረች።

"ጉልበቴ፣ ዘሙዬ። ሌሊቱን ሲቆረጥመኝ አድሮ ይኸው እንደምታዪኝ መራመድ አቃተኝ።"

"እዚህ ድረስ በምን መጣሽ ታዲያ?"

"ይኼንኑ ልነግርሽ ነዋ። ሳልናገር ብቀር ትቀየሚኛለሽ ብዬ።"

ከቤቱ ጀርባ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ሥራነሽ አንገቷን ወደዚያ ሰገግ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጭቃውን የረገጠው ማነው?"

"መሳፍንት ነዋ።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን። የሚያግዘው ሰው ሲጠፋ ምን ያድርግ?"

"ይሁን እንግዲህ። እግዜር ያስፈጽማችሁ" አለችና ዞረች። ዘመናይ ከኋላዋ አየቻት። ያ የታመመ ጉልበት ሲመለስ ከአመጣጡ ይልቅ ፈጠነ።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱ በየተራ መጣ። የአንዱ ላም ልትወልድ ነው። የሌላው እንግዳ ከደብረ ኤልያስ ይመጣበታል። አንደኛው ደግሞ ምክንያት ማሰቡ ራሱ ደክሞት "አልተመቸኝም በሉልኝ" ብሎ ላከ። ዘመናይ በልቧ ያመሰገነችው እሱን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። መሳፍንት ከይጁቤ ማዶ የመጣ አናጺ ነው፤ አባቱ ደግሞ ቀጥቃጭ ናቸው። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፣ በእሳቸው መጥረቢያ ይፈልጣል። ከእሳቸው ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ ግን የለም። የባለ እጅ ዓይን ይበላል ይባላል፤ የተባለው ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ይወርዳል። መሳፍንት የሠራውን በር ከፍቶ የሚገባ ሰው መሳፍንት የረገጠውን ጭቃ ለመንካት እጁ ይከብደዋል።

ቤቱ የመሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ነበር። የዘመናይ አባት በየሰኔው መባቻ መሰላል አስደግፈው፣ የጣራውን አሸንዳ በእጃቸው ጠርገው፣ ቅጠሉን አራግፈው ይወርዱ ነበር። ባለፈው ኅዳር ዐረፉ። በቀጣዩ ሰኔ መሰላሉን ያነሣ ሰው አልነበረም። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፈነ፤ ውኃው ሞልቶ በኋለኛው ግድግዳ እግር ላይ ክረምቱን ሙሉ ሲፈስ ከረመ። የቋሚዎቹ እግር በሰበሰ። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ግድግዳው እንደ ደከመ በሬ ተንበረከከ። ቤት የባለቤቱን ሞት የሚያውቀው በመጀመሪያው ክረምት ነው።

ሙት ዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ካህናቱና ዘመዱ ሁሉ ሲመጣ በተከፈተ ጓዳ አይቀበሉትም። "ጎበዝ አናጺ አውቃለሁ" ብላ ለእናቷ የነገረችው ዘመናይ ነበረች። እንዴት እንዳወቀችው አልተናገረችም። ሱሪውን ምስማር እየቀደደው ለማስጠቀም ሱቋ ይመላለስ ነበር፤ የዚያ ሱሪ ጉልበት ስንት ጊዜ እውነት እንደተቀደደ የሚያውቁት እሱና ምስማሩ ናቸው።

"አንቺም እኮ ባለ እጅ ነሽ" ይላት ነበር መርፌዋን እያየ። "ልዩነቱ ያንቺን ብረት የቀጠቀጠውን ሰው አለማወቅሽ ነው።"

እናቷ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አናጺው የማን ልጅ እንደሆነ ከገበያ ሰሙ። አላባረሩትም። የበሰበሱትን ቋሚዎች አውጥቶ አዲሶቹን እግራቸውን በእሳት ለብልቦ፣ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ፣ ሥራቸውን በድንጋይ አስሮ ሲተክል ቆመው አይተዋልና ሥራው ደስ ብሏቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መጠጡ የሚቀርብለት ለብቻዋ በተመደበች ጣሳ ሆነ። መሳፍንት በጣሳዋ ጠጥቶ፣ አጥቦ፣ አጥሩ ላይ ይሰቅላታል። ዘመናይን ከእናቷ ጣሳ ይልቅ የሚያበሳጫት የእሱ አስተጣጠብ ነበር።

የመስቀል ዕለት፣ ደመራው ሲነድ ሰው መካከል ቆመው፣ "ይህ ግድግዳ ሳይዘጋ ሽማግሌ እልካለሁ" ብሏት ነበር። ከዚያ በፊት በአናጺ እርሳሱ ማገሩ ላይ እየጻፈላት ይሄድ ነበር፤ "እንዴት ዋልሽ?"፣ "ምሳ በልተሻል?"፣ አንድ ጊዜም "ዛሬ ስትስቂ ሰማሁ።" ከመስቀል ወዲህ ግን ጠፋ። እሱ አልጠፋም፤ ጽሑፉ ነው የጠፋው። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ማገር ለማገር እየተንጠራራች ስትፈልግ የምታገኘው የሜትር ቁጥር ነው። አንድ ቀን "ከዚህ" የሚል ቃል አግኝታ ልቧ ዘለለ። ጠጋ ስትል "ከዚህ ይቆረጥ" ይላል።

ዛሬ ግድግዳው ሊዘጋ ነው። መሳፍንት ከነገ ወዲያ አማኑኤል ከተማ ሌላ ሥራ ይዟል። ሽማግሌ የሚባል ነገር በደጁ አልታየም።

እማሆይ እንዝርታቸውን ይዘው ከጓዳው ጥግ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንግዲህ ተይው። ለሌላ ቀን ይጠራ።"

"ለሌላ ቀን ሌላ ጉልበት ይታመማል እማዬ። ጭቃው ደግሞ ካለፈበት ይሞታል። ከውስጥ እኔ እመርጋለሁ።"

"የመሪጌታ ልጅ ጭቃ ልትመርግ?"

"ግድግዳውም የመሪጌታ ነው።"

እማሆይ እንዝርቷን ጠበቅ አድርገው አሾሯት።

መሳፍንት ከውጭ፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ቱንቢ ከላይኛው ማገር ላይ አንጠልጥሎ ክብደቱ እስኪረጋ ይጠብቃል።

"ትናንት ለክተኸው የለም?" አለችው በማገሩ መካከል።

"እንጨት ያድራል። ሲያድር ደግሞ ይዞራል።"

"እንደ አንዳንድ ሰው።"

ቀና ብሎ አላያትም። ቱንቢውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ምርጊት ለብቻ አይሠራም። አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ላይ ጭቃውን ይመታል። ከወዲያ የመጣው ከወዲህ የመጣውን ማገሩ መካከል አግኝቶ ይጨብጠዋል፤ ሲደርቅም አይላቀቅም። አንዱ ቢዘገይ የሌላው ጭቃ የሚይዘው አጥቶ አልፎ ይወድቃል። መሳፍንት ይህን ሲነግራት ፊቱ የድንጋይ ነበር። ዘመናይ ግን ሰውዬው የሚናገረውን ነገር ራሱ እንዴት አይሰማውም ብላ ተናደደች።

ጀመሩ።

"ምቺው እንጂ አትለቅልቂው።"

"እየመታሁ ነው።"

"ሕፃን እያሸሽ ነው እንጂ መምታት አይደለም።"

መታችው። ጭቃው በማገሩ አልፎ አገጩ ላይ ተለጠፈ። በክንዱ ጠረገና "እንደዚያ" አለ፤ ሳይስቅ። ከመስቀል በፊት ቢሆን ይስቅ ነበር።

"ይህን ሁሉ ቀን ምን ሆነህ ነው?"

"ጥግ ጥጉን አትርሺ።"

"መሳፍንት።"

"ጭድ የበዛበትን አታንሺ፤ ሲደርቅ ይከፈታል።"

"ስለ ጭድ አልጠየቅሁህም።"

"ስለ ጭድ የማይጠይቅ ሰው ነው ቤቱ የሚሰነጠቅበት።"

ጭቃው ከጉልበታቸው አለፈ፤ ከወገባቸው አለፈ። በክፍተቱ የምታየው እየተሸራረፈ ሄደ። መጀመሪያ ያ ደርዘን ጊዜ የጠቀመችው ሱሪ ጠፋ። ቀጥሎ እጁ ላይ ያለው የመጋዝ ጠባሳ ጠፋ። አሁን የቀራት አንገትጌው፣ አፉ፣ ዓይኑ ነው። ደረታቸው ላይ ሲደርስ ዘመናይ ጭቃዋን መሬት ላይ ጣለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

እሱ አላወቀም፤ መታ። ጭቃው በማገሩ አልፎ እግሯ ሥር ወደቀ። ደገመ። አሁንም ወደቀ።

"ምን ሆንሽ?"

"ጉልበቴን አመመኝ።"

"ሥራነሽ ናት ያስተማረችሽ?"

"ሽማግሌው የት አለ?"

"ጭቃው እየደረቀ ነው፣ ዘመናይ።"

"ይድረቅ። ግድግዳው ሳይዘጋ እልካለሁ አላልክም? ይኸው እየተዘጋ ነው። በገዛ እጄ እያስዘጋኸኝ ነው። ካልፈለግህ አልፈለግሁም በል፤ ሰው ነኝ እሰማለሁ። ቁጥር እየጻፍክ ግን አታሰቃየኝ። ማገር ለማገር ስንቀዋለል ዓይኔ ሊጠፋ ነው።"

መሳፍንት እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የጠረገው፤ እሷ ልትጮህ እስኪዳዳት ድረስ።

"ከደንሽው" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"ምሳውን። የመስቀል ማግሥት። የሳሎኑን አሮጌ ልስን እያፈረስኩ መዶሻ ፈልጌ ገባሁ። አንቺና እማሆይ ገበታ ላይ ነበራችሁ። ደፉን ሳልረግጥ መክደኛውን አንሥተሽ ምግቡ ላይ ደፋሽው።"

ዘመናይ ሳቀች። እፎይታዋ ነው ያሳቃት። ይህን ያህል ጊዜ እንቅልፍ የነሣት ነገር ይህ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው።

"አቧራው ነው እኮ። አንተው ልስኑን እያፈረስክ ቤቱን ደመና አድርገኸው።"

"አቧራ።"

"አዎ፣ አቧራ።"

"ሥራነሽ ጉልበት አላት" አለ ረጋ ብሎ። "አንዱ ላም አለው፣ አንዱ እንግዳ አለው። ተማሪ ቤት ሳለሁ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ቦታ ሲቀይር ከሰሌዳው ራቀኝ ብሎ ነው። እኔን ሲያዩ ምክንያት ያጡ ሰዎች አጋጥመውኝ አያውቁም። ሁሉም ሰው አቧራ አለው፣ ዘመናይ።"

"ከእነሱ ጋር ልትደምረኝ ነው?"

"አቧራው ከጠዋት ጀምሮ ይወርድ ነበር። ምግቡ ከቀረበ በኋላም ይወርድ ነበር። የከደንሽው እኔ ስገባ ነው።"

ያጣጠፈችውን እጇን ፈታች።

ያን ቀን ወደ ኋላ ተመልሳ ፈለገችው። ገበታው ታያት፤ ከበሩ የገባው ብርሃን፣ በብርሃኑ ውስጥ የሚዋኘው አቧራ፣ የእሱ ጥላ። ከዚያ እጇ። ምን አስባ ነበር? ምንም። እጇ ነው የሄደው። ልጅ ሳለች ማረሻ የሚያመጡት ቀጥቃጭ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ሲያስሉ እናቷ በዓይን ብቻ ያዟት ነበር፤ ክደኚ። ይህን እጇ የተማረው ፊደል ሳትቆጥር ነው። አባቷስ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር? ደግ ሰው ነበሩ። ደግነታቸው በዚህ ነገር የት ድረስ እንደሚዘልቅ ግን አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም፤ አሁን የምትጠይቀው የለም።

በእሱ ተናደደች፣ ይህን ሁሉ ቀን ስላመቀው። በእናቷ ተናደደች። በሥራነሽ ጉልበት ተናደደች። ቁጣዋ የሚያርፍበት እየፈለገ ቤቱን ሁሉ ዞረና ተመልሶ በጭቃ የተለወሰው የገዛ እጇ ላይ ተቀመጠ።

"አላውቅም" አለች።

"ምኑን?"

"አቧራው ይሁን አንተ፣ አላውቅም። ልምልልህ ነበር። ግን አላውቅም። እጄ ነው ቀድሞኝ የሄደው።"

ዓይኑን ከክፍተቱ ፈለገችው፤ ፊቱን አዙሯል። አሁን ይሄዳል ብላ አሰበች። መዶሻውንና ቱንቢውን በከረጢቱ ከቶ፣ ጣሳዋን አጥቦ ሰቅሎ ይሄዳል። ውሸት ብትነግረው ኖሮ ይሻል ነበር ብላ ራሷን ልትራገም ስትል ድምፁ መጣ።

"ይህን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።"

"ክፉ ነገር ነው የነገርኩህ።"

"ክፉ ነው። ግን ምክንያት አይደለም።"

ማገሩን ይዛ ተጠጋች። "እንግዲያው ስማኝ። ሽማግሌ ላክ የምልህ እጄ ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም። ይቺ እጅ የለመደችውን እስክትረሳ ድረስ ከአንተ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኬን የሚፈጅ ከሆነም ይፍጅ።"

"የእኔንስ?" አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "መክደኛ ባነሣሽ ቁጥር እየደነገጥኩ ስኖር፣ የእኔን ማን ያስረሳኛል? አንቺ እጅሽን ነው የምትጠብቂው። እኔ እጅሽን ሳይ የምኖረውን ኑሮ አስበሽዋል?"

አላሰበችውም ነበር። ይህም አናደዳት፤ እውነት ስለሆነ።

"ትነግረኛለህ" አለች። "ስትደነግጥ ደነገጥኩ ትለኛለህ። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም፤ ፊትህን ድንጋይ አድርገህ ስለ ጭድ ብታስተምረኝ ከየት አውቄ ነው? ንገረኝ፣ ልቆጣም፣ ላልቅስም፣ ብቻ ንገረኝ። አጥበህ አትስቀለኝ።"

በክፍተቱ የመሳፍንት ዓይን ተመልሶ መጣ፤ ከመስቀል ወዲህ ያላየችው ዓይን፣ ዳሩ እርጥብ፣ ጭቃ የነካው ሽፋሽፍት። ረጅም ጊዜ ተያዩ። በዚያች የእጅ መዳፍ በማታክል ቀዳዳ ይህን ያህል ነገር ማለፍ መቻሉ አስገረማት።

የእንዝርቷ ድምፅ ከቆመ መቆየቱን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ዘመናይ" አሉ እማሆይ ከጥጉ።

"አቤት እማዬ።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው።"

ሰውዬው ከማገሩ ወዲያ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል። "ምን ልበለው?"

"ይህ ቤት ሐዘን ላይ ነው። የሟች ሙት ዓመት ሳይወጣ ሽማግሌ በደጄ አይቀመጥም። ይህን ሥርዓት የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው ወይ በዪው።"

ዘመናይ ዞራ አየቻቸው። እማሆይ ዓይናቸውን ከጥጡ ላይ አላነሡም። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ በነጭ ቆብ ሥር የተጣጠፈ አሮጌ ብራና ነው።

"ከወጣ በኋላስ?"

"ከወጣ በኋላ ያለውን ከወጣ በኋላ አየዋለሁ።"

"እሺ ማለትዎ ነው ወይስ እምቢ ማለትዎ?"

"ጭቃው እየደረቀ ነው" አሉና እንዝርቷን አሾሯት።

ዘመናይ ግንባሯን ማገሩ ላይ ደገፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ አፍ ዙሪያ ጥምጥም ያልሄደ ቃል ሰምታ አታውቅም። በዚህ ቤት ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር የመሳፍንት ቱንቢ ብቻ ነው።

"ሰማህ?" አለችው በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

"እሺ ማለታቸው ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። እናትሽ ናቸው።"

"ሙት ዓመቱ ሲወጣ አማኑኤል ነህ።"

"አማኑኤል እኮ ቅርብ ነው። መኪናም አለ፣ እግርም አለ።"

"ትልካለህ?"

"እልካለሁ።" ከጭቃው እየዘገነ ጨመረ። "ደጁ ላይ ተቀምጠው ቢመሽባቸውም ደግሜ እልካለሁ። እስኪሰለቻቸው።"

"እማሆይ አይሰለቻቸውም።"

"እኔም ቀጥቃጭ ነው ያሳደገኝ። ብረት በአንድ ምት አይታጠፍም።"

መልሰው እስከ ላይ ድረስ መረጉ፤ የቀረችው ቀዳዳ አንዲት ናት፣ በዓይናቸው ትክክል። ዘመናይ ከጭቃው ዘግና አነሣች፤ አልመታችም። እሱም ዘግኖ ይጠብቃል። ሁለቱም መቅደም አልፈለጉም።

"በይ" አለ።

"አንተ በል።"

"አንድ ላይ ካልሆነ ይወድቃል።"

አንድ ላይ መቱ። ብርሃኑ ጠፋ። ጓዳው ጨለመ፤ የእርጥብ ጭድ ጠረን ሞላው። ዘመናይ እጇን ከግድግዳው ላይ አላነሣችም። ጭቃው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ስትጫነው ይሰጣል። ከወዲያ በኩልም መልሶ ገፋት፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። የእሱ መዳፍ ይሁን የጭቃው ክብደት ለይታ አላወቀችም፤ ተጠግታ ጠበቀች። ደግሞ ገፋት።

ደክሟታል። አሁንም ተናድዳለች፤ በእናቷ፣ በጎረቤቷ፣ በገዛ እጇ፣ ከሁሉም በላይ የእናቷን መልስ ይዞ በሚያስጠብቃት ኅዳር። እንባዋ ግን ከቁጣው አልነበረም። አባቷ ከዚያ ቤት ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተደገፈችው ግድግዳ ማዶ እሷን ደግፎ የቆመ ሰው እንዳለ ተሰማት።